ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል

ታሪክ በማስተምርበት ዘመን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ሯጮቻችን ሁሉ ወታደር የሆኑት ለምንድን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀበት። ልጁ ግን ቁም ነገር ነው የጠየቀው። ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ። ጥላሁን ገሠሠም ከክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል የወጣ ሰው ነው፤ እሱን ግን በማዕረግ የሚጠራው የለም፤ ጥላሁን ብለን ጨርሰናል። ሯጭ ሲሆን ነው ማዕረጉን የምናስቀድመው።

ለልጁ «ክለብ የነበራቸው ጦሩና ፖሊሱ ስለነበሩ ነው» ብዬ መለስኩለት። እውነት ነው፤ ነገሩ ግን በዚያ አያልቅም። አዲስ አበባ ለባላገር ልጅ በሯን ስትከፍት ደንብ ልብስ አልብሳ ነው ያስገባችው። ያ ልብስ ለሯጩ ምን እንደሰጠው፣ ምንስ እንዳስከፈለው ነው እዚህ ልናገር የተነሳሁት።

ቤቴ ከመገናኛ በሾላ በኩል ወደ የካ ሚካኤል ሲኬድ ከዳገቱ ላይ ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት ሳለ ያሠራቸው ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ፤ ተከራዮቼ ሯጮች ናቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አለፍ ሲል የምድጃቸው ድምፅ ይሰማኛል። በሶ በጥብጠው ይጠጣሉ፣ አለዚያም ባዶ ሆዳቸውን ይወጣሉ፤ 11 ሰዓት ላይ የልምምድ ሰርቪሳቸው መገናኛ ይቆማል። አንዱን ቀን አስፋልት ነው፤ ሌላውን ቀን ኮሮኮንች፤ ጫካ ሲሆን እንጦጦ፣ ወይም ከኛው በላይ የካ ተራራ። ሰርቪስ ያልያዙት ከበሬ ወጥተው ሽቅብ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባሉ። ሲመለሱ ጫማቸውን አጥሬ ላይ ያሰጣሉ። አፈሩን አይቼ የት እንደዋሉ መናገር እችላለሁ፤ ጥቁር መረሬ ከሆነ ሰንዳፋ ሜዳ ናቸው፣ ቀዩ ከሆነ ተራራው ላይ።

ለሯጭ ማከራየት ስጀምር ጎረቤቶቼ ደስ አላላቸውም። «ሥራ የላቸውም እኮ፣ ሲሮጡ ነው የሚውሉት» ይሉኝ ነበር። አሁን ያው ጎረቤት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ያቺ ቀጭኗ ማናጀር ይዛለች?» ይለኛል።

«ሲሮጡ ነው የሚውሉት» የሚለው ንቀት የቆየ ሥር አለው። በድሮው ደንብ ሩጫ የሎሌ ሥራ ነበር። ጌታው ሰጋር በቅሎው ላይ ተደላድሎ ሲሄድ ጋሻ ያዡ፣ ጠመንጃ ያዡና አሽከሩ በእግሩ ይከተለዋል፤ በቅሎዋ ስትሰግር እሱ ይሮጣል። የተከታዩ ብዛት የጌታው ክብር መለኪያ ነው። መልእክት ማድረስም የእግረኛ ግዳጅ ነበር። የተከበረ ሰው አይቸኩልም፤ ቢዘገይም የሚጠብቀው ሰው አያጣም። ቀበና ባደግኩበት ሰፈር አያቴ ስሮጥ ካየችኝ «ምን እንደ አሽከር ያንደረድርሻል?» ትለኝ ነበር። ሴት በመሆኔ ብቻ አልነበረም የተቆጣችው፤ ወንድሜንም እንዲሁ ነበር የምትለው።

ይህ ደንብ በዓመት አንድ ቀን ፋታ ነበረው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም። እሩሯን ሲያሳድድ የሎሌው ዱላ የባላባቱን ቅልጥም ቢያገኝ ክስ የለም፣ ግርፋት የለም። አበበ ቢቂላም በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር ይባላል። በማግስቱ ግን ሎሌው ሎሌ፣ ጌታውም ጌታ ነው።

ክቡር ዘበኛ ያመጣው ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ወታደሮቹን በሰዓትና በርቀት ማሠልጠን ሲጀምር ሩጫው መልኩን ለወጠ። ጃን ሜዳ ላይ የሚሮጠው ወታደር በቅሎ እየተከተለ አይደለም። ከፊቱ ማንም የለም፤ ያለው ሰዓት ነው፤ የኒስካነን ሰዓት ደግሞ የማን ልጅ ነህ አይልም። ወታደሩ ደመወዝ አለው፣ ቀለብ አለው፣ ማደሪያ አለው። ለገበሬ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እኛ በዚያ ዘመን የነበርን የከተማ ልጆች «ባላገር» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነበር የምንወረውረው፤ አማርኛው ኮልተፍ ያለ ልጅማ መሳቂያ ነበር። ካኪ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ግን አፋችንን እንይዝ ነበር።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ነው። ማሞ ወልዴ 800 እና 1500 ሜትር ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። እንግዶቹ ኢትዮጵያውያን በክብር ሲጋበዙ የዚያው አገር ቀደምት ሕዝቦች፣ አቦርጂኖቹ፣ በአገራቸው የሕዝብ ቁጥር ውስጥ እንኳ አይደመሩም ነበር። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማየት የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። እመለስበታለሁ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. መንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር፣ ከኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ ነው። ከዚያ አገር ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ ያው ዛሬ አውቶቡሶች የሚመላለሱበት ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሸኖ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ኮተቤ፣ ከዚያ ላምበረትን አልፎ መገናኛ። ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ ከተማው እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል። መሐሉ እንጦጦ ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ። ከሮም ኦሊምፒክ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገው ማጣሪያ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። የወቅቱ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ የዛቶፔክ፣ 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነበር። ይህን የሰማ የውጭ ጋዜጠኛ ቢኖር እንኳ ያመነ አይመስለኝም።

የሮሙ ሩጫ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እኛ ችቦ ስናበራ እሱ ሮም ውስጥ በችቦ ብርሃን ይሮጥ ነበር። መነሻው ካምፒዶሊዮ፣ መድረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት። የቀረበለት ጫማ አልተመቸውምና በባዶ እግሩ ገባበት። መጨረሻ ላይ አብሮት የቀረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር፤ አበበ አፍትልኮ የሄደው ሙሶሊኒ ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት በቆመበት አካባቢ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ጣሊያን ከዚህ አገር ከወጣ ገና 19 ዓመቱ ነበር፤ አባቶቻችን ሬዲዮ ከብበው ምን እንደተሰማቸው ማስረዳት አያሻኝም። ሌላው አበበ፣ አበበ ዋቅጅራ፣ በዚያው ውድድር 7ኛ ወጣ። 7ኛ ከዓለም! በክፍሌ ስሙን የሚያውቅ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ጎዳና ሲሰየም፣ ሐውልት ሲቆም 7ኛ የወጣ ሰው አይታሰብም።

ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን አጠለቁለት፤ አሥር አለቃም ሆነ። ሦስት ወር ግድም ቆይቶ ታኅሣሥ 1953 መጣ። የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ ጄኔራሉ በስቅላት ተቀጡ። አበበም ታሰረ። በነገሩ እጁ አልነበረበትምና ተለቀቀ፤ ግን ልብ በሉ፤ ዓለም በፎቶግራፍ የሚያውቀው ያ ጀግና ከእስር ቤት የሚያድነው ስም ገና አልነበረውም። ልብሱ አሳደገው፣ ልብሱ አሳሰረው።

ቶኪዮ ላይ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ተከታዩን ሳይጠብቅ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን እያንሳፈፈ ሲያፍታታ የሚያሳየውን ፊልም ያላየ የለም። መቶ አለቃ ተባለ፤ ቤትና ቮልስዋገን ተሰጠው። በ1961 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ታሞ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወሰደው፤ አበበ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ ሻምበል ሆነ። ያልጨረሰው ሩጫ ነው ይህን ማዕረግ ያመጣለት፤ ዛሬ ስሙን ስንጠራ የምናስቀድመውን።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። በወጣትነቱ ወደ ከተማ ያመጣው መንገድ ላይ ነው። ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ ኖርዌይ ላይ በውሻ የሚጎተት ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ቅዱስ ዮሴፍ ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ የሐዘን ቀን ታወጀ።

እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከቀብሩ ጥቂት ወራት በፊት መምህራኖቻችን ከወሎ ያመጧቸው የረሀብተኞች ፎቶግራፎች ግቢያችን ውስጥ ታይተው ነበር። ሆዱ የተነፋ ሕፃን፣ ጎኑ የተቆጠረ አራሽ። አንዱን የገበሬ ልጅ ንጉሥ ቆሞ ቀበረው፤ ያንኑ ዓመት በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ያለ ገናዥ ቀረ። አበበን ለመውቀስ አይደለም፤ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። ግን ሽልማቱ እስከ የት እንደሚደርስ ያሳየኛል። ሰውየውን ይደርሰዋል፣ ቤተሰቡንም ይደርስ ይሆናል፣ የመጣበትን መንደር ግን አይደርስም።

አውስትራሊያም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሕዝበ ውሳኔ አቦርጂኖቹ ከሕዝቡ ጋር እንዲቆጠሩ ተፈቀደ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 1968፣ ላዮነል ሮዝ የሚባል የ19 ዓመት አቦርጂን ቦክሰኛ ቶኪዮ ሄዶ ጃፓናዊውን ፋይቲንግ ሃራዳን አሸንፎ የዓለም ቀበቶ ታጠቀ፤ ከወገኖቹ የመጀመሪያው። ሜልቦርን ሲመለስ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ጎዳና ወጥቶ ተቀበለው። ያ ሁሉ ሕዝብ ማግስቱን ለአንድ ሌላ አቦርጂን ክፍል ያከራይ ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ አከራይ ነኝና ይህ ነው የሚመጣልኝ።

ወደኛዎቹ ልመለስ። ምሩፅ ይፍጠር የአዲግራት ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ፋብሪካ ሠርቷል፣ ጋሪ ነድቷል። አየር ኃይል አገኘው። ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አመጣ፤ 5 ሺው ግን አመለጠው፤ ሲመለስም እስር ጠበቀው። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ በጉልበቱ ጫፍ ላይ ሳለ አፍሪካ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ውድድሩን ትታ ወጣች፤ እሱም አብሮ ቀረ። ሞስኮ ላይ በ1972 ሁለቱንም ወርቅ ሲወስድ ፀጉሩ ሳስቶ ነበር፤ ማርሽ ቀያሪው የተባለው ያኔ ነው። ኑሮውን የጨረሰው ግን ካናዳ በስደት ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ በ2009 ዐረፈ።

የማሞ ግን ከሁሉም ይከብደኛል። ሜክሲኮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ፤ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ። ደርግ ወድቆ መንግሥት ሲለወጥ በቀይ ሽብር ግድያ ተከሶ ታሰረ፤ ክሱን አልተቀበለም። ፍርዱ ሳይሰጥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ወኅኒ ቆየ። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ የሴቶች ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አሸነፈች፤ ከማሞ በኋላ የመጀመሪያው የማራቶን ወርቃችን ነው። ፋጡማ የወኅኒ ፖሊስ ክለብ ሯጭ ነበረች። ማሞ ደግሞ የወኅኒ እስረኛ። አንዱ ተቋም አንዷን ደመወዝ እየከፈለ ያስሮጣል፣ ሌላውን ቆልፎ ይዟል። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈርዶበት፣ ከፍርዱ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ፤ በወራት ውስጥ ሞተ። ስለ ጥፋቱም ስለ ንጽሕናውም የምፈርድ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ያገለገለው መንግሥት ሲወድቅ ማዕረጉም ዕዳ ሆነበት።

ስለ ሴቶቹ ስናገር ሐሳቤ ትንሽ ይለወጣል። ሴቶቻችን ኦሊምፒክ ላይ የሮጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞስኮ ነው። ያኔ እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቁምጣ የምትለብስ ልጃገረድ ማግኘት ፈተና ነበር፤ አባቶች ትምህርት ቤት ድረስ እየመጡ ይከራከሩን ነበር። አዲስ አበባ እንዲህ ከሆነ ገጠሩን አስቡት፤ ሴት ልጅ ከቤት ርቃ ብቻዋን ጫካ ለጫካ መሮጧ ጠላፊ የሚጋብዝ ነገር ነበር።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና። ደራርቱ ቱሉ፣ የበቆጂ ልጅ፣ ከአሥር ልጆች ሰባተኛዋ፣ በከብት ጥበቃና በፈረስ ግልቢያ ያደገች፤ ፖሊስ ቀጥሯት የመጣች። የደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ከፊት ሆና ስትጎትት ዝም ብላ ተከተለቻት፤ ደወሉ ሲደወል ጥላት ሄደች። 31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ። የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት። ደቡብ አፍሪካ ከሮም ወዲህ ያኔ ገና መመለሷ ነበር፤ ነጯና ጥቁሯ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። (ቀኗ አበበ የተወለደባት ዕለት ናት፤ ስድሳ ዓመት ልክ። ታሪክ አስተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይናገር አያልፍም።)

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ልዩ። በቆጂ ላይ የስፖርት አስተማሪው ስንታየሁ እሸቱ ሜዳ ላይ የሚሰበሰቡት ሴቶች ልጆች በዙ። ፋጡማ፣ ከዚያ የዲባባ እኅትማማቾች። ጥሩነሽ አዲስ አበባ የመጣችው ልትማር ነበር፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ ስላልተሳካላት የማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች። አበበ ያገኘው ክብር ለአበበ ቀረ ብያለሁ፤ ደራርቱ ያገኘችው ግን ተሻግሯል። ከተከራዮቼ አንዷ ስትነግረኝ፣ አባቷ «የምትሮጥ ሴት ማን ያገባታል» ብሎ ሁለት ጊዜ ከሜዳ ጎትቶ ወስዷታል። አሁን ማታ ማታ ይደውላል። «ሚኒማ አሟላሽ ወይ?» ነው የሚለው፤ ለውድድር የሚያበቃውን ሰዓት ማለቱ ነው። ሚኒማ ምን እንደሆነ አርሲ ውስጥ የሚያርስ ሰው ያውቃል!

ይህን ያመጣው ፍቅር ብቻ ነው አልልም። ገንዘብም ነው። እርሻው ጠበበ፣ ልጁ በዛ፣ የሯጭ ሴት ልጅ ደግሞ ለአባቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች። ቢሆንም ያቺን ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ከመዳር ካዳናት ምክንያቱን አልመረምርም።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሁለቱ ታሪኮች፣ የኛና የአቦርጂኖቹ፣ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ሲድኒ ማታ ነው፣ እዚህ ቀን፤ የመምህራን ክፍል ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቀናል። መጀመሪያ ኬቲ ፍሪማን የምትባል አቦርጂን በ400 ሜትር ወረደች፤ የኦሊምፒኩን ችቦ የለኮሰችው እሷ ናት። የስታዲየሙ ጩኸት የቴሌቪዥናችንን ድምፅ አሰነጠቀው። አሸነፈችና ሜዳው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ የአውስትራሊያንና የወገኖቿን ባንዲራ አንድ ላይ ይዛ ዞረች። እ.ኤ.አ. በ1994 ካናዳ ውስጥ ያንኑ የወገኖቿን ባንዲራ ብታነሳ የቡድኑ አለቆች ተቆጥተዋት ነበር። በዚያው ምሽት ኃይሌና ፖል ቴርጋት የመጨረሻውን መቶ ሜትር ትከሻ ለትከሻ መጡ፤ ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። እኛ ለኃይሌ ጠረጴዛ ስንደበድብ ስለ ፍሪማን የጠየቀ አልነበረም። የአውስትራሊያ መንግሥት ከእናቶቻቸው ጉያ እየተነጠቁ ለተወሰዱት የአቦርጂን ልጆች ይቅርታ የጠየቀው ከዚያ ምሽት ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2008 ነው። የፍሪማን አያት ከነዚያ ልጆች አንዷ ነበሩ። ዝናውና ፍትሑ እንዲህ ነው የሚራራቁት።

ፈይሳ ሌሊሳ ይህን ርቀት ያወቀው ይመስለኛል። ሪዮ ላይ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። በኦሮሚያ ተቃውሞ ለወጡት ነው አለ። ከዚያ ተሰደደ፤ የተመለሰው በ2011 ጥቅምት ነው። እጁን ባጣመረበት ቀን ግቢዬ ውስጥ ከተከራዮቼ ገሚሱ አለቀሰ፣ ገሚሱ ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ፤ አንዳቸውም ግን «ለምን አደረገው?» አላሉም። የፈይሳን ስም በማዕረግ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ መገናኛ ሌላ ሆኗል። መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛውና የብስክሌቱ መስመር ተነጥፎ፣ ማታ ማታ ቢሮ የዋለ ሰው በቱታ ይሮጥበታል። አያቴ ብታይ «ምን ጌታ አጥተው ነው?» ትል ይሆናል። እንጦጦ ላይ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ መኪናቸውን አቁመው ለጤና የሚሮጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ ያንኑ ዳገት እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዱታል፤ የኔ ልጆች ከሁለቱም መካከል ሰንጥቀው ያልፋሉ።

ክለቡም ተለውጧል። ባንኩ፣ ከተማው፣ ድርጅቱ ሯጭ ይይዛል፤ ውል አለ፣ ውሉ ደግሞ ጊዜ አለው። አበበ ወገቡ ሲሰበር መንግሥቱ እንግሊዝ ልኮ አሳከመው፤ ማዕረጉም ደመወዙም አልተነካበትም። ከአንኮበር የመጣች አንዲት ተከራዬ ግን ባለፈው ዓመት ተረከዟን ስትታመም ክለቧ ውሉን አላደሰላትም። ማናጀሩም ስልክ ማንሳት አቆመ። ለሁለት ወር ኪራይ አልጠየቅኳትም፤ እሷ ደግሞ እንዳላፍርባት ብላ ግቢዬን በየማለዳው ትጠርግ ነበር።

አንድ ቀን ቡና ላይ ቁጭ ብለን፣ «እትዬ፣ ፖሊስ ልመዘገብ ነው» አለችኝ።

«ሩጫውስ የኔ ልጅ?»

«እዚያም እሮጣለሁ። ባልሮጥም ግን ደመወዜ አይቋረጥም።»

የአሥረኛ ክፍል ማስረጃዋን ልታመጣ ከላምበረት የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተሳፍራ ሄዳለች። ክፍሏን ሁለት ሰዎች ጠይቀውኛል፤ እስክትመለስ አላከራየውም ብያቸዋለሁ።